ሁለቱ ኪሞች፦ ወደ ሥልጣን የወሰዱ ሁለት መንገዶች

ኪም ዮንግ ሳምና ኪም ዴ ጁንግ የደቡብ ኮሪያን ወታደራዊ አገዛዝ ሲታገሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1987ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ግን «አንተ ልቀቅልኝ» ሲባባሉ የተቃዋሚው ድምፅ ለሁለት ተከፈለ፦ ለአንዱ 28፣ ለሌላው 27 በመቶ። የቀድሞው ጄኔራል ሮ ቴ ዉ በ36.6 በመቶ ብቻ ወንበሩን ወሰዱ።

ከዚያ ዮንግ ሳም ያልተጠበቀውን አደረጉ። በ1990 ፓርቲያቸውን ከሮ ፓርቲ ጋር አዋሐዱ። ከሃዲ ያላቸው ብዙ ነው። በ1992 ተመርጠው ሲገቡ ግን ሃናሆይ የተባለውን የመኮንኖች የምስጢር ቡድን በተኑ፣ በሐሰት ስም የባንክ ሒሳብ መያዝን ከለከሉ፣ ሮ ራሳቸውም በእሳቸው ዘመን ፍርድ ቤት ቆሙ። መጨረሻቸውን ያበላሸው የ1997ቱ የገንዘብ ቀውስ ነው።

ዴ ጁንግ ረጅሙን መንገድ ሄዱ፦ በ1973 ከቶኪዮ ሆቴል ታፈኑ፣ በ1980 ሞት ተፈረደባቸው፣ ሦስት ጊዜ ተሸነፉ። ንጹሕ መንገድ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። በ1997 ያሸነፉት ከኪም ጆንግ ፒል ጋር ተጣምረው ነው፤ ያፈናቸውን የስለላ ድርጅት ከመሠረቱት ሰው ጋር! ልዩነቱ፣ ዴ ጁንግ ሲጣመሩ የራሳቸውን ፓርቲ ይዘው መቆየታቸው ነው።