የገና ሴልቲክ ሙዚቃ፦ የትኛውን አልበም ልግዛ?

የፈረንጆች ገና ሲቃረብ «ሴልቲክ» የሚል ስም ያለባቸው አልበሞች ከየአቅጣጫው ብቅ ብቅ ይላሉ። ሽፋናቸው አንድ ዓይነት ነው፦ በረዶ፣ ሻማ፣ አረንጓዴ ቅጠል። ውስጣቸው ግን ለየቅል ነው። አንዱ ቤት ሙሉ እንግዳ ያስጨፍራል። ሌላው ማታ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው የተሠራ ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሙዚቃውን መቼ፣ ከማን ጋር እንደምትሰሙት አስቡ። ምርጫውን የሚወስነው እሱ ነው።

ሴልቲክ ሲባል አየርላንድ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስ፣ የፈረንሳይዋ ብሪታኒም ጭምር ናቸው። ገበያውን የያዘው ግን በአብዛኛው የአየርላንድ ሙዚቃ ስለሆነ እኔም እዚያው ላይ አተኩራለሁ።

ቤታችሁ ሰው የሚበዛበት ከሆነ ሳታመነቱ ቺፍተንስ የተባለውን የአየርላንድ የሙዚቃ ቡድን «ዘ ቤልስ ኦፍ ደብሊን» ግዙ። የወጣው በ1991 ነው። አልበሙ በደብሊኑ የክራይስት ቸርች ካቴድራል ደወሎች ይጀምራል። ደወሉ ሲንቆረቆር ቆይቶ ቡድኑ ፈጣን የጭፈራ ዜማ ይዞ ይገባል። ገና መጀመሪያው ላይ ቤቱ ይሞቃል። የቡድኑ መሪ የነበረው ፓዲ ሞሎኒ የሚጫወተው ኢለን ፓይፕስ የሚባለውን የአየርላንድ ባግፓይፕ ነው። የስኮትላንዱን ቆመው በአፍ ይነፉታል። ይህን ግን ተቀምጠው፣ በክንድ ሥር በተያዘች ትንሽ ወናፍ አየር እየሞሉ ይጫወቱታል። ድምፁ ለስለስ ያለ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ጆሮ አይበሳም።

እኔ በጣም የምወደው «ሬን» ስለምትባለው ትንሽ ወፍ የተዘጋጀውን ክፍል ነው። አየርላንድ ውስጥ በገና ማግስት፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቀን፣ ልጆችና ጎልማሶች የገለባ ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ሸፍነው፣ ከበሮና ዋሽንት ይዘው በየቤቱ እየዞሩ ይዘፍናሉ። የቤቱ ባለቤት ገንዘብ ይሰጣቸዋል። ከእኛ ሆያ ሆዬ ጋር ቁርጥ አንድ ነው! ድሮ ወፏን አሳድደው ይዘው በቅርንጫፍ ላይ አስረው ይዞሩ ነበር። በአልበሙ ውስጥ የጨፋሪዎቹ መምጣት፣ ጭፈራው፣ ስንብቱ በተከታታይ ይሰማል። ይህን ክፍል ሳታቆራርጡ ስሙት።

አንድ ነገር ግን እወቁ። አልበሙ እንግዳ ድምፃውያን ይበዙበታል፤ ኤልቪስ ኮስቴሎ፣ ማሪያን ፌዝፉል፣ ጃክሰን ብራውን አሉ። የብራውን ዘፈን ገናን እያከበሩ ድሃን የሚረሱትን ይወቅሳል። የኮስቴሎ ደግሞ በበዓል የተሰበሰበን ቤተሰብ ይሸነቁጣል። እኔ ይህ ያስደስተኛል። ከዳር እስከ ዳር መንፈሳዊ መዝሙር ብቻ ለሚፈልግ ግን አይሆንም።

ለዚያ ሰው ሎሪና ማኬኒት ትሻላለች። ማኬኒት ካናዳዊት ናት። ሃርፕ እየደረደረች ትዘፍናለች። የክረምት አልበሞቿ ከአንድ በላይ ስለሆኑ ገዢ በቀላሉ ይደናገራል። የመጀመሪያው በ1987 የወጣው «ቱ ድራይቭ ዘ ኮልድ ዊንተር አዌይ» ነው። ከተቀረጸባቸው ቦታዎች መካከል አየርላንድ ውስጥ ሊመሪክ የሚገኘው የግሌንስታል ገዳምና በካናዳ ጉዌልፍ ከተማ ያለ ቤተ ክርስቲያን ይገኙበታል። ይህ ለወሬ ያህል የተነገረ ነገር አይደለም፤ ስትሰሙት ይታወቃል። አንዱን ስንኝ ጨርሳ ሌላውን እስክትጀምር ድምፅዋ በድንጋዩ ግድግዳ መሀል ሲዞር ይሰማችኋል። መሣሪያው ጥቂት ነው፤ አንዳንዴ ከድምፅዋ በቀር ብዙ ነገር የለም።

በ2008 የወጣው «ኤ ሚድዊንተር ናይትስ ድሪም» ደግሞ ሌላ ነው። መሣሪያው በዝቷል፤ አንዳንዱ ዜማ የሰሜን አፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ቃና አለው። ለዓረብ ሙዚቃ ቅርብ የሆነ ጆሮ ይወደዋል። አንድ ምክር ልስጣችሁ፦ በ1995 የወጣች «ኤ ዊንተር ጋርደን» የምትባል አምስት ዘፈን ያላት አጭር አልበም አለች። አምስቱም በ2008ቱ ውስጥ አሉ። ሁለቱንም ከገዛችሁ ለአንድ ዕቃ ሁለቴ ከፈላችሁ ማለት ነው።

ከሁለቱ የእኔ ምርጫ የ1987ቱ ነው። የ2008ቱ ሥራው የጠራ ነው፤ እንግዳ ቢመጣም ያምራል። የመጀመሪያው ግን ልብ ውስጥ ይገባል። በተለይ የእኛን ገና ለሚጠብቅ ሰው ይስማማል። ታኅሣሥ 29 እስኪደርስ የነቢያት ጾም ላይ ነን። የፈረንጆቹ በዓል በጾማችን መሀል ያልፋል። በዚያ ወቅት ጭፈራ ቤቱ እንዲገባ የማይፈልግ ብዙ ነው። ቺፍተንስን ለፍስኩ አቆዩት።

በቺፍተንስና በማኬኒት መካከል የሚዋልል ካለ መፈተኛ አለ። ሁለቱም «ዌክስፎርድ ካሮል» የሚባለውን ጥንታዊ መዝሙር ሠርተውታል። ከቺፍተንስ ጋር የዘፈነችው አሜሪካዊቷ ናንሲ ግሪፊዝ ናት። ዩቲዩብ ላይ አንዱን ከሌላው አስከትላችሁ ስሙ። ከዚያ በኋላ ሌላ ምክር አያስፈልጋችሁም።

የአየርላንዷ ድምፃዊት ኤንያ በ2008 ያወጣችው «ኤንድ ዊንተር ኬም» በብዛት የሚታወቅ ነው። የራሷን ድምፅ ደጋግማ እየቀረጸች ትደራርበዋለች፤ አንዲት ሴት መዘምራን ሆና ትሰማለች። ምግብ እየተሠራ፣ ሰው እየተጨዋወተ ከኋላ እንዲሰማ ከሆነ ከዚህ የሚስማማ የለም። ግን አብዛኛው ስለ ክረምት የተጻፈ አዲስ ዘፈን ነው። አንዱ ላይ እንዲያውም ኤሌክትሪክ ጊታር ይመጣል። የታወቀ የገና መዝሙር ስትጠብቁ እንዳይከፋችሁ። «ሳይለንት ናይት»ን በአየርላንድ ቋንቋ የዘመረችበት ግን በጣም ያምራል።

ሴልቲክ ዉመን የተባለው የአየርላንድ ሴቶች የመዝሙር ቡድን «ኤ ክሪስማስ ሴሌብሬሽን» የ2006 ሥራ ነው። ትልቅ ኦርኬስትራ፣ ከፍ ያለ ድምፅ። «ዋይት ክሪስማስ»ና «ሌት ኢት ስኖው» ሳይቀሩ አሉበት። የሚያውቁትን ዘፈን መስማት ለሚወዱ ወላጆች ወይም የሥራ ባልደረቦች ስጦታ ይሆናል። የአየርላንድን ሙዚቃ እፈልጋለሁ ለሚል ግን አልመክረውም።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ አልበም አለ፤ እባካችሁ አትለፉት። የአየርላንዷ ድምፃዊት ካትሪና ኦሊሪ በ2014 ያወጣችው «ዘ ዌክስፎርድ ካሮልስ» ነው። ቶም ጆንስ፣ ሮዛን ካሽና ሪያነን ጊደንስ አብረዋት ዘምረዋል። ግጥሞቹ የአየርላንድ ካቶሊኮች በእምነታቸው ምክንያት በሚሰደዱበት ዘመን የተጻፉ ናቸው። በአየርላንድ የፈርንስ ጳጳስ የነበሩት ሉክ ዋዲንግ በ1684 የመዝሙር መጽሐፋቸውን ያሳተሙት አገር ውስጥ ሳይሆን ቤልጅየም፣ ጌንት ከተማ ነው። ከዚያ ወግ የመጡ መዝሙሮች ኪልሞር በምትባል፣ በአየርላንድ ዌክስፎርድ አውራጃ ባለች መንደር እስከ ዛሬ በገና ሰሞን ይዘመራሉ። ስድስት ወንዶች ሦስት ሦስት ሆነው ይቆማሉ። ያለምንም መሣሪያ፣ አንዱ ወገን አንዱን አንቀጽ፣ ሌላው ቀጣዩን እየተቀባበሉ ይዘምራሉ። ቅኔ ማኅሌት ቆሞ ያደገ ሰው ይህን መቀባበል አያጣውም። አልበሙ መሣሪያ ጨምሮበታል፤ ግጥሙን ግን አልሸፈነውም። ቃሉን እየተከታተለ ለሚሰማ ሰው ከሁሉም አስቀድሜ የምሰጠው ይህን ነው።

ስም የለሽ ስብስቦቹን በተመለከተ፣ በርካሽ ስለተሸጡ ብቻ አታንሷቸው። ጀርባውን ገልብጡና አንብቡ። ማን ፓይፕ እንደተጫወተ፣ ማን ቫዮሊን እንደያዘ፣ ማን እንደዘፈነ ካልተጻፈ መልሳችሁ አስቀምጡት። ስትሪሚንግ ላይም ቢሆን የተጫዋቾቹን ስም ፈልጉ። ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ኪቦርድ ላይ የዋሽንት ድምፅ አስመስሎ የሠራው ነው። የስብስቡን ዋጋ ከያዛችሁ ትንሽ ጨምሩበትና የቺፍተንስን ውሰዱ።