የአባቴን ሸክላዎች ነፍስ ለዘራባቸው የደሴ ልጅ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ በተለይ የድሮ የሙዚቃ ሸክላ ቤታችሁ ያለ፣ ይቺን አንብቡልኝ። የአባቴን ሸክላዎች አጥቦ ወደ ኮምፒውተር ፋይል የቀዳልንን አንድ ልጅ ላመሰግን ነው። ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ ቃሌን እጠብቃለሁ።

አባቴ 31 ሸክላ አለው። አብዛኞቹ ትንንሾቹ፣ በደቂቃ 45 ዙር የሚሽከረከሩት ናቸው። በ1960ዎቹ፣ እነ አምሃ ሪከርድስ ሸክላ በሚያሳትሙበት ጊዜ፣ ከደመወዙ እየቆጠበ የገዛቸው ናቸው። በየሽፋኑ ጀርባ የገዛበትን ቀን በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፏል። አንዱ ላይ «ጥር 1965፣ ደሴ» ይላል። ማጫወቻው ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል። ሸክላዎቹም ካርቶን ውስጥ አልጋ ሥር ከርመዋል።

አምና አንድ ሱቅ ወስጄ ወደ ፍላሽ አስገልብጬ ነበር። ድምፁ ስስ ነው፤ ከሥሩ «እምምም» የሚል አለበት። ማሲንቆው ደግሞ ይዋልላል። አባቴ ትንሽ ሰማና «ይኼማ የኔ ሸክላ አይደለም፤ አጥፋው» አለኝ። በጣም ከፋኝ።

ዘንድሮ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ይህን ልጅ ጠቆመችኝ። ስደውልለት መጀመሪያ የጠየቀኝ «ሸክላዎቹ ተደራርበው ነው የተቀመጡት ወይስ ቆመው?» ብሎ ነው። ተደራርበው እንደሆነ ነገርኩት። «ዛሬውኑ እንደ መጽሐፍ ያቁሟቸው፤ ክብደቱ ያጎብጣቸዋል» አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ዕቃውን ተሸክሞ ሆጤ እቤታችን መጣ።

የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን ምንም አልቀዳም። ሲያጥብ ነው የዋለው። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ዝቃጩን ድምፁ የተቀረጸበት ቦይ ውስጥ ይተዋል ብሎ ዲስቲልድ (የተጣራ) ውሃ ይዞ መጥቷል። በለስላሳ ጨርቅ፣ ቦዩን ተከትሎ ዙሪያውን፣ መሃል ያለችውን ወረቀት ሳያርስ። ከአንዷ ሸክላ ላይ የወጣውን ጥቁር አቧራ ጨርቁ ላይ ሲያሳየን እናቴ አፏን ያዘች።

ማሲንቆው ለምን እንደሚዋልል ያወቀው ሸክላዋን በዓይኑ አይቶ ብቻ ነው። የዚያች ሸክላ የመሃል ቀዳዳ ሰፊ ነው። መሃሉን የሚሞላው የፕላስቲክ ቀለበት ስለጠፋ የቀድሞው ሰው እንዲሁ በግምት አስቀምጦ አጫውቷታል። ሸክላ ከመሃሉ ትንሽ ከሳተ በእያንዳንዱ ዙር ድምፁ አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይወርዳል። ልጁ ከቦርሳው ቀለበት አውጥቶ ገጠመላት። መርፌዋን ሲያሳርፍ አባቴ ከወንበሩ ፈቀቅ ብሎ ተጠጋ። ማሲንቆው ቀጥ ብሎ ወጣ። «ይኼ ነው!» አለ።

የአምናው ቅጂ ድምፅ ስስ የሆነበትንም ምክንያት አስረዳኝ። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ጎልቶ ነው። ስናደምጥ ወደ ቦታው የሚመልሰው ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባል መሣሪያ ነው። ያለ እሱ በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ ከሰካችሁት ድምፁ ደካማና ስስ ይሆናል። «እምምም» የሚለው ደግሞ የማጫወቻው የኧርዝ ሽቦ ካለመታሰሩ ሊመጣ ይችላል። መርፌዋ ሸክላው ላይ የምታርፍበትን ክብደት እንኳ በትንሽዬ ሚዛን ለካው። የእሱ መርፌ 2 ግራም ገደማ ነው የምትፈልገው። ከዚያ በጣም ከቀለለች ትዘላለች፤ ከከበደች ሸክላውን ትበላለች።

የሚቀዳው በከፍተኛ ጥራት፣ በ24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ ነው። ድምፁ ጣሪያ ነክቶ እንዳይሰነጠቅ ከላይ 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ያህል ክፍት ይተዋል። ፋይሉ ከባድ ነው፤ በደቂቃ 35 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ዋናውን ጥራቱን ሳይቀንስ ፋይሉን በሚያሳንሰው በፍላክ አድርጎ በሃርድ ዲስክ፣ ለስልክ የሚሆነውን ደግሞ በኤምፒስሪ ለይቶ ሰጠን።

ከሁሉ የወደድኩለት ግን ሙዚቃውን አለመቁረጡ ነው። «ቋ» የምትለዋን ጭረት አንድ በአንድ እየፈለገ ያነሳል። ከሙዚቃው ሥር የሚሰማውን የሸክላውን ሹክሹክታ በሙሉ በአንድ ጊዜ አጥፋልኝ ብዬው ነበር፤ እምቢ አለኝ። ለማሳያ ብቻ አድርጎ አሰማኝ፤ የክራሩ ድምፅ እየከሰመ የሚሄድበት ጅራት አብሮ ተቆረጠ። እውነቱን ነው።

ሁለተኛው ቅዳሜ አንድ ትልቁን ሸክላ እየቀዳ መብራት ሄደ። አባቴ ሲጨነቅ «አብሽሩ አባባ» አለና ቡናውን ጠጣ። መብራት ሲመጣ ከቆመበት አልቀጠለም፤ ገጹን ከመጀመሪያው እንደገና ቀዳው። ለዚህም ተጨማሪ ሳንቲም አልጠየቀም።

ዋጋው በሸክላ ብዛት ነው፤ እኔ ከጠበቅኩት ያነሰ ነበር። ግን ጊዜ ይወስዳል። የኛን ለመጨረስ ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶበታል። ለነገ ይድረስልኝ የምትሉ ከሆነ እሱን አታስቸኩሉት።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፣ አባቴ ጠዋት ጠዋት የባቲውን ዘፈን ከፍቶ ነው ቁርሱን የሚበላው። ዕድሜ ይስጥልኝ ብሎሃል። እኔም ከልቤ አመሰግናለሁ።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሱን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። የሚሠራው ቅዳሜና እሁድ ነው። ኮምቦልቻም ይወርዳል። እስከዚያው ሸክላዎቻችሁን ከፀሐይ አርቃችሁ አቁሟቸው።