ፓምፕና ታይመር ያላችሁ ሁሉ፣ ይህን ባለሙያ ልጅ ጥሩት

ዛሬ ጠዋት ገንዳችን ጠርዝ ላይ ቆሜ የወለሉን ሰማያዊ ሴራሚክ አየሁት። ጥልቁ ጋ ያለችውን ስንጥቅ ሳይቀር። ከአራት ወር በላይ አላየሁትም ነበር። ገንዳችንን ያዳነልንን ልጅ ሳላመሰግን ዝም ብል ህሊናዬ አይፈቅድልኝምና ይህን እየጻፍኩ ነው።

ለማታውቁን፣ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ አካባቢ አነስ ያለች የእንግዳ ማረፊያ አለችን። አባቴ ጡረታ ሲወጣ የሠራው ቤት ነው። መዋኛ ገንዳውን ያስቆፈረው ከአሜሪካ ለሚመጡት የልጅ ልጆቹ ብሎ ነበር። 40 ሺህ ሊትር ገደማ ይይዛል። እሱ በሕይወት ሳለ ታይመር የሚባል፣ ፓምፕን በሰዓቱ ራሱ የሚያስነሳና የሚያጠፋ ነገር አናውቅም። ጠዋት ጸሎቱን አድርሶ፣ ጋቢውን እንደለበሰ ሄዶ ውሃውን በማጣሪያ የሚያዞረውን ፓምፕ ያስነሳል። አሥር ሰዓት ሲል ያጠፋዋል። ያኔ ሳንቲም ብትጥሉበት የአንበሳው ጎፈር ከላይ ይታያችሁ ነበር።

እሱ ካረፈ በኋላ ሁሉም ነገር ተዛባ። ጠባቂያችን አባባ አንዳንዴ ማስነሳቱን ይረሱታል፣ አንዳንዴ ማጥፋቱን። ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ሲሮጥ ያደረበት ጊዜ ብዙ ነው። ላስ ቬጋስ ያለችው እህቴ ይህን ሰምታ «እዚህ እኮ በታይመር ነው የሚሠራው» አለችና አንዱን በመንገደኛ ላከችልን። ከበድ ያለ ግራጫ የብረት ሳጥን ነው፣ ውስጡ እንደ ሰዓት የሚዞር ክብ ነገር አለው። አስገጠምነው፣ ደስም አለን። መከራችን የጀመረው ከዚያ ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት ይነሳል የተባለው ፓምፕ በማግስቱ ቀትር ላይ ተነሳ። በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ። በአራተኛው ቀን እንግዳ ተኝቶ ሌሊት። እናስተካክለዋለን፣ ተመልሶ ይሸሻል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣማ ጭራሽ የት እንዳለ አይታወቅም። ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ክሎሪን ጨመርን፣ አሁንም ጨመርን። የአንድ እንግዳ ልጅ ዓይኗ ቀልቶ ስታለቅስ ያየሁ ዕለት ገንዳውን ዘጋሁት።

ባለሙያ ያልጠራሁ እንዳይመስላችሁ። ስማቸውን አላነሳም፣ ግን ያደረጉኝን እናገራለሁ። የመጀመሪያው ሳጥኑን ገርመም አድርጎ «ፓምፑ ነው የተቃጠለው» አለ። አዲስ ፓምፕ ገዛሁ። ምንም ለውጥ የለም። አሮጌውን «ልጣለው» ብሎ ይዞት ሄደ፣ ደህና ፓምፕ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። ሁለተኛው የእህቴን ዕቃ ነቅሎ ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ ታይመር አመጣ። «ከ2 እስከ 10» ብሎ ሞላውና ሄደ። ዕቃው የሚቆጥረው የፈረንጅ ሰዓት መሆኑን ልብ አላለም። ፓምፑ ሌሊት 8 ሰዓት እየተነሳ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ይጠፋ ጀመር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ አባባ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተታቸው። ሄደው ሲያዩ ታይመሩ ሶኬቱ ላይ ቀልጧል። እግዚአብሔር ጠበቀን እንጂ ቤቱ ይነድ ነበር። ስደውል ስልክ አያነሳም።

ሦስተኛው ባለሙያ አንድም ነገር ከፍቶ አላየም። «ውሃው ነው፣ ገንዳው ባዶ ይሁን» አለ። ያንን ሁሉ ውሃ ደፋን። በቦቴ አስመጥተን እንደገና ስንሞላ ያወጣሁትን ብር ሳስበው አሁንም ያመኛል። በአሥር ቀኑ ያው አረንጓዴ ሆነ። የዚያን ዕለት ማታ የአባቴን ፎቶ ቀና ብዬ ማየት ከበደኝ።

ኢሬቻ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ እንግዶች ቀብድ ከፍለው ሳለ፣ አንዲት ጎረቤቴ «እኔ ጋ የሚሠራ ልጅ አለ፣ እሱን ሞክሪው» አለችኝ። በባጃጅ መጣ። አንድ ቦርሳ፣ ካቻቢቴ፣ ቴስተር፣ በቃ። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ፓምፑ በየስንት ሰዓቱ እንዲሠራ ነው የሚፈልጉት?» ብሎ ነው። ከእሱ በፊት ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ቀጥሎ ስቶር የተወረወረውን የእህቴን ሳጥን አስወጣና መብራት አገናኘበት። ከስልኩ ሰዓት ጋር እኩል አደረገው። «አሁን ቡና ካለ እጠጣለሁ» አለና ተቀመጠ።

አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቀ። ሦስተኛው ስኒ ላይ ስንደርስ ተነስቶ አየው። በስልኩ 60 ደቂቃ ሞልቷል። ሳጥኑ ግን ገና 50ኛው ላይ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ዕቃ አልተበላሸም» አለኝ። «የሚያውቀው የሌላ አገር መብራት ነው።»

የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ (Hz) የሚሉት ነገር ነው፣ የኛ 50፤ መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰዓት የሚዞረው በዚያ ቁጥር ልክ ነው አለኝ። በሰዓት 10 ደቂቃ፣ በቀን 4 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ሌላውን ሁሉ አልዋሻችሁም፣ አልገባኝም። የ4 ሰዓቱ ነገር ግን ወዲያው ገባኝ። የመከራችን ሁሉ መጀመሪያ እሱ ነው። ቡና በምንጠጣበት ጊዜ ፈታው!

ከቦርሳው አውጥቶ ሊሸጥልኝ ይችል ነበር፣ አላደረገውም። ወረቀት ላይ ጻፈልኝ፦ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ (Hz) የሚል ያለበት፣ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የሚይዝ ባትሪ ውስጡ ያለው። «ራስዎ ይግዙት፣ ደረሰኙም በእጅዎ ይሁን» አለኝ። ፓምፑን ደግሞ በቀጥታ ታይመሩ ላይ አላስጫነም። ኮንታክተር የምትባል፣ የፓምፑን ከባድ ጭነት በታይመሩ ፈንታ የምትሸከም ማብሪያ መሃል አስገባ። «ፓምፕ ሲነሳ እንደ በሬ ነው፣ ከባዱ የመጀመሪያው ጉተታ ነው፤ ያችን ትንሿን ያቀለጣት እሱ ነው» አለኝ። በቀን 8 ሰዓት ለእኛ ገንዳ ይበቃል አለ። ቀንና ሌሊት ሲሮጥ ከነበረው መብራቱ ሲሶ ነው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን ይሄ ነው። አባባ ማንበብ አይችሉም። ልጁ ይህን ሲያውቅ አንድም ቃል አልተናገረም። ነጭ ፕላስተር ቆርጦ ታይመሩ ጎን ለጠፈና በማርከር ፀሐይ ሣለ፣ ከሥሩ 08:00። ዝቅ ብሎ ወደ ተራራ የምታዘቀዝቅ ፀሐይ፣ ከሥሯ 16:00። «አባባ፣ ይችን ፀሐይ ከታይመሩ ጋር ያስተያዩ፣ ቁጥሩ መልኩ አንድ ከሆነ ደህና ነው» አላቸው። ሦስት ጊዜ ራሳቸው እንዲሞክሩት አደረገ። ከዚያ ብሬከሩን አጥፍቶ፣ ጥቂት ቆይቶ መለሰው። ሰዓቱ እንዳለ አለ። አባባ እንዴት ደስ እንዳላቸው! አሁን ማንም ሳያዛቸው ጠዋት ጠዋት ሄደው ያዩታል፣ አባቴ ይቆም በነበረበት ቦታ።

የተቀበለኝ የእጅ ዋጋውን ብቻ ነው። ላጠፋው ሰዓት ልጨምርለት ስል «ቡና ጠጥቻለሁ እኮ» አለኝ። በሦስተኛው ቀን መብራት ሲጠፋ ራሱ ደውሎ «ታይመሩ እንዴት ነው?» አለ። በዚህ ዘመን ማን እንዲህ ያደርጋል?

የኢሬቻ እንግዶቻችን ልጆች ዋኝተው ሄዱ። ተባረክ፣ እጅህ ይባረክ፣ ያሳደጉህም ይባረኩ።

ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ ያላችሁ፣ ገንዳ ያላችሁም ሆነ ለሮቶ ውሃ የሚገፋ ፓምፕ ያላችሁ፣ እባካችሁ ለሌላው ብር ሳትከፍሉ በፊት እሱን ጥሩት። ስልኩን እዚህ አልጽፍም፣ ፈቃዱን ጠይቄው በኢንቦክስ ለጠየቀኝ ብቻ እንድሰጥ ተስማምተናል። ስትደውሉለት «የባቦጋያዋ ልካን ነው» በሉት።