በእጅ የተሠራ የወርቅ ማጠቢያ ገንዳ፦ ለደቃቅ ወርቅ ምን ያህል ይሠራል?

ከጣውላ፣ ከሸካራ የጎማ ምንጣፍና ከሽቦ ወንፊት የተሠራው ይህ ገንዳ ከጅረት አሸዋ ደቃቅ ወርቅ በመያዝ ረገድ ከቀላል አሠራሩ ከሚጠበቀው በላይ ነው፤ ምክንያቱም ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ፣ ተራ አሸዋ ግን 2.6 እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ፣ ውሃው አሸዋውን ጠርጎ ሲወስድ ወርቁ በምንጣፉ ሽንትሮች ውስጥ ይቀራል። ሁሉም ነገር የሚወሰነው በተዳፋቱ ነው። በ1 ሜትር 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ሲል በደንብ ይይዛል፤ ሲበዛ ስስ ቅንጣቶቹ ያመልጣሉ፣ ሲያንስ ደግሞ ጥቁሩ አሸዋ (ብረት ያለበት ከባድ አሸዋ) ምንጣፉን ይደፍነዋል። ጠጠሩን አስቀድሞ መንፋት ግድ ነው።

ትልቁ ጉድለት የጣውላው መገጣጠሚያ ነው፤ ወርቁ በስንጥቁ ገብቶ ይሸሸጋል (ቀለም ያልተቀባ እንጨት ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ይጣመማል)። ምንጣፉ በባልዲ ውስጥ ሲታጠብ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ ቢደረግበት፣ በውሃው ገጽ የሚንሳፈፉት ስስ ቅንጣቶች ወደ ታች ይሰምጣሉ።