ከዘራ፣ ባለ አራት እግር ምርኩዝ፣ ክራንች ወይስ ዎከር? ለታመመ ዳሌና ለሚንገዳገድ እርምጃ የሚሆነውን መምረጥ

የዳሌ መገጣጠሚያ ኦስቲዮአርትራይተስ ላለበት ሰው የመራመጃ ድጋፍ ለመግዛት ወደ ሕክምና መሣሪያ መሸጫ የሚገባ ቤተሰብ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው ጠንካራ በሚመስለው ዕቃ ላይ ነው። ከዋጋውና ከጥንካሬው በፊት ግን አንድ ነገር መለየት አለበት፤ ይኸውም ታማሚውን የሚያስቸግረው ሕመሙ ነው ወይስ ሚዛን መሳቱ የሚለው ነው። ለመጀመሪያው የሚበጀው መሣሪያ ለሁለተኛው ላይበቃ ይችላል፤ ለሁለተኛው የተሠራውም ሕመም ብቻ ያለበትን ሰው ያለ ምክንያት ያዘገየዋል።

በዚህ ሕመም ምክንያት አጥንቶቹ የሚገናኙበትን ጫፍ የሸፈነው ልም አጥንት እየሳሳ ይሄዳል። ሕመሙ በአብዛኛው ብሽሽት ላይ ይሰማል፤ ወደ ጭንና ወደ መቀመጫም ይሰራጫል፤ አንዳንዴ ጉልበት ላይ ብቻ ስለሚሰማ ዳሌው ሳይታይ ጉልበቱ ለብዙ ጊዜ የሚታሽበት ሰው አለ። ስንራመድ በእያንዳንዱ እርምጃ ለአፍታ በአንድ እግር ብቻ እንቆማለን። በዚያች አፍታ የዳሌው ጎን ጡንቻዎች ሰውነት ወደ ሌላው ወገን እንዳይወድቅ አጥብቀው ስለሚስቡ፣ መገጣጠሚያው የሚሸከመው ጫና ከሰውነት ክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። እነዚህ ጡንቻዎች ሲደክሙ ሰውየው ያነክሳል፣ ይንገዳገዳልም። መንገዳገድ ሁሉ ግን ከዳሌ የሚመጣ አይደለም። የደም ግፊት መድኃኒት፣ በስኳር ሕመም የተጎዳ የእግር ነርቭ፣ የዓይን መድከም ወይም የውስጥ ጆሮ ችግር ሊያመጣው ስለሚችል፣ በቅርቡ መንገዳገድ የጀመረ ወይም የወደቀ ሰው ከግዢው በፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ የዳሌና የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ላለባቸው ሰዎች እንደ ምርኩዝ ያለ የመራመጃ ድጋፍ እንዲታሰብላቸው ይመክራል። ዋናው ሕክምና አድርጎ የሚያስቀምጠው ግን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴንና፣ ለሚያስፈልገው ሰው፣ ክብደት መቀነስን ነው።

ችግሩ የአንድ ዳሌ ሕመም ከሆነና ሚዛኑ ደህና ከሆነ፣ ተራው ባለ አንድ እግር ምርኩዝ ከሁሉም ይሻላል፤ ቀላል ነው፣ ታክሲ ውስጥ ይገባል፣ ደረጃም አይከለክለውም። ምርኩዙ የሚያዘው ከታመመው ዳሌ በተቃራኒ ባለው እጅ ሲሆን፣ ከታመመው እግር ጋር እኩል መሬት ይነካል። ብዙ ሰው በታመመው ወገን ይይዘዋል፤ ነገር ግን ጡንቻዎቹን በሚገባ የሚያግዛቸው ከመገጣጠሚያው ርቆ፣ በሌላው ወገን ያለ ድጋፍ ነው። ቁመቱ የሚለካው ታማሚው ዘወትር የሚያደርገውን ጫማ አድርጎና እጁን አውርዶ ሲቆም ነው፤ የምርኩዙ መያዣ ከእጅ አንጓው መታጠፊያ ጋር መስተካከል አለበት። ለእናቴ መጀመሪያ የገዛንላት ታጣፊ ምርኩዝ ረዝሞባት ኖሮ ትከሻዋ ወደ ላይ ተሰቅሎ ትሄድ ነበር፤ እኛ ግን የትከሻዋን ሕመም የብርድ ነው እያልን ሁለት ወር አሳለፍን።

ከእንጨት የተሠራው ባህላዊ ከዘራ ያምራል፣ ለሽማግሌም ክብር አለው። ይሁን እንጂ ሲረዝም ሊቆረጥ ይችላል እንጂ ሲያጥር አይቀጠልም፤ ቆልማማው እጀታም ክብደት ሲጣልበት መዳፍን ይቆረቁራል። ባለ ቀዳዳው የአሉሚኒየም ምርኩዝ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ጠፍጣፋ መያዣ ካለው እርሱን እመርጣለሁ። መቋሚያን ለመንገድ የሚጠቀሙም አሉ፤ መቋሚያ ግን ቆሞ ለማስቀደስ፣ በላዩም ለመደገፍ የተሠራ ረጅም ዘንግ በመሆኑ ዳሌን በእርምጃ አያሳርፍም። ጫፉ ላይ ብረት ያለው ማንኛውም ዱላ ደግሞ በሴራሚክ ወለል ላይ ያንሸራትታል።

ባለ አራት እግር ምርኩዝ በእኔ ግምት ያለ ቦታው በብዛት የሚገዛ ዕቃ ነው። ሲለቁት ራሱን ችሎ ይቆማል፣ ከአልጋ ለመነሣትም ይረዳል፤ አንድ እጁ ብቻ ለሚሠራ ሰው፣ ለምሳሌ ስትሮክ ላገኘው፣ ጠቃሚ ነው። ሆኖም የሚያረጋጋው አራቱም እግሮቹ በአንድ ጊዜ መሬት ሲነኩ ብቻ ነው። በኮብልስቶን ላይ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ብቻ ስለሚያርፉ ይወዛወዛል፤ እጁን የጣለበትንም ሰው አብሮ ያወዛውዘዋል። ወለሉ ለጥ ባለ ቤት ውስጥ ለሚውል ሰው ግን ከተራው ምርኩዝ ሊሻል ይችላል።

ሁለቱም ዳሌዎች ለታመሙበት ወይም ቀዶ ሕክምና ላደረገ ሰው ክራንች ይታዘዛል። በብብት ሥር የሚገባው ዓይነት ክብደቱ በእጅ መዳፍ ላይ እንጂ በብብት ላይ መጣል የለበትም፤ ብብት ላይ ተደግፎ መሄድ የክንድን ነርቭ ይጎዳል። ክንድን አቅፎ የሚይዘው ዓይነት ለረጅም ጊዜ አገልግሎት ይሻላል።

ችግሩ በእርግጥ ሚዛን መሳት ከሆነ ወደ ዎከር፣ ማለትም ከፊት ቆሞ በሁለት እጅ ወደሚያዘው ባለ አራት እግር መራመጃ መሄድ ያስፈልጋል። ጎማ የሌለው ዎከር ከሁሉም የተረጋጋ ነው፤ ነገር ግን በየእርምጃው መነሣት ስላለበት ክንዱ የደከመ ሰው አይችለውም። ከፊት ሁለት ጎማ ያለው ይህን ድካም ያስቀራል፤ ለቤት ውስጥ የምመክረውም እርሱን ነው። ባለ አራት ጎማው ፍሬን፣ መቀመጫና ቅርጫት ስላለው ገዢን ይማርካል፤ ከውጭ ያሉ ልጆች ለወላጆቻቸው የሚልኩትም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው። የሚስማማው ግን ቶሎ ለሚደክመውና ማረፍ ለሚፈልገው ሰው እንጂ ክብደቱን ለሚጥልበት ሰው አይደለም፤ ከተደገፉት ወደ ፊት ይሸሻል። ፍሬኑን ለመጨበጥ የጣት ኃይል ይፈልጋል፤ ትንንሽ ጎማዎቹም በኮብልስቶን ክፍተትና በበር ደፍ ላይ ይያዛሉ። ከመላኩ በፊት የመኝታ ቤቱና የመጸዳጃ ቤቱ በር ስፋት በሜትር ተለክቶ በስልክ ቢነገር ብዙ ወጪ ይድናል።

አሜሪካ ያሉ አረጋውያን ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ካላቸው፣ ሐኪሙ ለቤት ውስጥ አገልግሎት ያስፈልጋል ብሎ ካዘዘ፣ የመድኑ ክፍል ቢ ለምርኩዝም ሆነ ለዎከር፣ ታማሚው በየዓመቱ አስቀድሞ ከኪሱ የሚከፍለው ተቀናሽ ከተከፈለ በኋላ፣ ከተፈቀደው ዋጋ 80 በመቶውን ይሸፍናል። በእስራኤል ደግሞ ያድ ሳራ የተባለው የበጎ ፈቃድ ድርጅት እነዚህን መሣሪያዎች ስለሚያውስ፣ ሳይገዙ መሞከር ይቻላል።

ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ ምርኩዙና የታመመው እግር ይቀድማሉ። ቡና ሲጠጣ የሚቀመጡበት በርጩማም ቢሆን በከፍ ያለ ወንበር መቀየር አለበት፤ ዳሌው ከጉልበት በታች ሲወርድ መነሣቱ ያማል፣ በመነሣት ላይ ሳሉም መንገዳገድ ይመጣል።

ሱቅ ውስጥ ታማሚው ራሱ ጫማውን አድርጎ ጥቂት ደቂቃ ይራመድበት፤ ለሌላ ሰው በግምት የተገዛ ምርኩዝ ከበር ጀርባ ተሰቅሎ ይቀራል። የተመረጠው የትኛውም ዓይነት ቢሆን የጫፉ ጎማ ያልቃል። መስመሮቹ ሲጠፉና ገጹ ሲለሰልስ ስለሚያንሸራትት፣ ትርፍ ጎማ በዚያው ሱቅ፣ ልኩ ተሞክሮ አብሮ መገዛት አለበት።