ቱ ስትሮክ ወይስ ፎር ስትሮክ? ከከተማው ዳር ሆናችሁ ሞተር ለምትገዙ

ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ የሚኖሩ ወዳጆቼ ሞተር ሊገዙ ሲያስቡ የሚጠይቁኝ ያንኑ ነው። አንድ ያገለገለ ባለ ቱ ስትሮክ ያማሃ ዲቲ 125 ተገኝቷል። በሌላ በኩል ባለ ፎር ስትሮክ ቦክሰር ወይም አፓቺ አለ። የቱ ይሻላል?

መልሴን ሳላንዛዛ ላስቀድም። በሞተሩ እንጀራችሁን የምትበሉ ከሆነ ፎር ስትሮክ ግዙ። መንገዳችሁ ጭቃ ከሆነ፣ ጭነታችሁ ቀላል ከሆነ፣ መፍቻ መያዝም የማይሰለቻችሁ ከሆነ ግን ቱ ስትሮክ ዛሬም አይናቅም። ይህን የምለው ቱ ስትሮክን ከልጅነቴ ጀምሮ የምወድ ሰው ነኝ።

የማወራው ከከተማው ውጭ ስላለው መንገድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሞተር እንቅስቃሴ ከሰኔ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በፈቃድ ተገድቧል። ወደ መሃል ከተማ ለመግባት አስባችሁ የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ የፈቃዱን ጉዳይ ጨርሱ።

ልዩነቱ ከሞተሩ ሆድ ይጀምራል። በፎር ስትሮክ ፒስተኑ በአራት ምት፣ ሁለቴ ወጥቶ ሁለቴ ወርዶ፣ አንድ ጊዜ ጉልበት ይሰጣል። ይስባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ያስወጣል። በሩን የሚከፍቱና የሚዘጉ ቫልቮች አሉት። ቱ ስትሮክ ግን ይህን ሁሉ በሁለት ምት ይጨርሰዋል። እንደ ፎር ስትሮኩ ያለ ቫልቭ የለውም። ሲሊንደሩ ጎን ላይ ቀዳዳዎች አሉ፤ ፒስተኑ ራሱ ሲወጣና ሲወርድ ይከፍታቸዋል፣ ይዘጋቸዋል። ስለዚህ ዋናው ዘንግ በዞረ ቁጥር ጉልበት አለ። ትንሽና ቀላል ሞተር ሆኖ እንደዚያ የሚፈተለከው ለዚህ ነው።

ዋጋው ግን አለ። አዲሱ ቤንዚን ሲገባ የጭሱ መውጫ ገና ክፍት ነው። ከገባው ቤንዚን እስከ ሲሶ የሚደርሰው ሳይቃጠል በማርሚታው ሊወጣ ይችላል። ሌላም አለ። ከፒስተኑ በታች ያለው ክፍል ቤንዚንና አየር ስለሚያልፍበት ዘይት ማጠራቀም አይቻልም። ስለዚህ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ገብቶ አብሮ ይቃጠላል። ያ ሰማያዊ ጭስ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ያ ጭስ ለእኔ የልጅነት ሽታ ነው። ሰበታ ሳድግ የሰፈራችን ልጆች ሞተርን በድምፁ እንለይ ነበር። የግብርና ሠራተኛው ያማሃ ኤጂ 100 ነበረችው። ኤጂ የተሠራችው ለገበሬ ነው። ከፊትም ከኋላም ጠንካራ የዕቃ መጫኛ አላት፤ ካቴናዋም ጭቃ እንዳይገባው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። ሠራተኛውን ጋሼ እንላቸው ነበር። ጠዋት አንድ ሁለቴ ረግጠው እንቢ ስትላቸው አይናደዱም። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ይፈቱና ጫፉ ላይ የተጋገረውን ጥቁር ነገር በክብሪት ቀፎ ጎን ይፈትጉታል። እፍ ይሉበታል። መልሰው ያስሩታል። ከዚያ አንድ ርግጫ ብቻ ነው። እኛ ጭሱ ውስጥ ገብተን እስከ አስፋልቱ ድረስ እንከተላቸው ነበር። እጅ ባለው ሰው ዘንድ ቱ ስትሮክ ማለት ይኸው ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ከካንዴላና ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ካርቡራቶር አያልፍም፤ መንገድ ዳር ተቀምጦ ይፈታል።

ዓለምን ያዳረሰውም በዚህ ቅለቱ ነው። ጀርመኖቹ ዲኬደብሊው እ.ኤ.አ. በ1939 አርቲ 125 የምትባል ቀላል ቱ ስትሮክ አወጡ። ከጦርነቱ በኋላ ንድፏን ያልቀዳ የለም። እንግሊዞች ቢኤስኤ ባንታም ብለው ሠሯት። አሜሪካ ውስጥ ሃርሊ ዴቪድሰን፣ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ የሞስኮና የሚንስክ ፋብሪካዎች ሠሯት። ያማሃም እ.ኤ.አ. በ1955 የመጀመሪያ ሞተሩን ዋይኤ 1ን ያወጣው ከእሷ ተነስቶ ነው። ዲቲና ኤጂ የዚያ ቤተሰብ የልጅ ልጆች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሆንዳ በሌላ መንገድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1958 ሱፐር ካብን በፎር ስትሮክ አወጣ፤ ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ ሲጂ 125 መጣች። ይቺ በቀጥታ ለእኛ ዓይነት አገር የታሰበች ናት። መሐንዲሶቹ ሰው ሞተሩን እንዴት እንደሚጭን፣ ዘይት ሳይቀይር ስንት እንደሚነዳ አይተው ነው የነደፏት። የቫልቩን ሥራ በሰንሰለት ፋንታ በዘንግ አደረጉት፤ ስለዚህ ሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚላላ ሰንሰለት የለም። ዛሬ ገበያው ላይ ካሉት የቻይና 125 እና 150 ሲሲ ሞተሮች ብዙዎቹ የዚያች ሞተር ቅጂዎች ናቸው። ለገዢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፒስተን፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ጓርኒሲዮን የትም ይገኛል። ለዲቲ ግን ዕቃ ፍለጋ መንከራተት አለ፤ የሚገኘውም ሁሉ ኦሪጅናል አይደለም።

አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ። እዚህ አካባቢ ሞተር የሚገዛ ሰው ሊያስበው ሲገባ የሚረሳው ይህን ነው። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢና ከዚያም ከፍ ባለ ቦታ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል። ወረቀቱ ላይ 12 የፈረስ ጉልበት የተባለ ሞተር እኛ ጋ ዘጠኝ ቢሰጥ ነው። ወደ እንጦጦና ወደ ወጨጫ፣ 3,000 ሜትር ላይ ስትወጡ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ይህ ሁለቱንም ይነካል። ቱ ስትሮክ በየዙሩ ጉልበት ስለሚሰጥ፣ ዳገት ላይ ማርሹን አስተካክሎ ለያዘ ሰው ጥሩ ይወጣል። ፎር ስትሮክ ግን ከታች፣ ሞተሩ ገና ቀስ ብሎ ሲዞር ጀምሮ ይጎትታል። ሁለት ሰው ጭኖ ዳገት ለሚወጣ ይህ የታችኛው ጉልበት ይበልጣል።

አየሩ ሲሳሳ ካርቡራቶሩ የሚሰጠው ቤንዚን ለአየሩ ይበዛበታል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይንተባተባል። ቱ ስትሮክ ደግሞ ዘይትም አብሮ ስለሚያቃጥል ይብስበታል። መፍትሔው ቀላል ነው። አነስ ያለ ጂግለር (የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ) ይገባል፣ ወይም የካርቡራቶሩ መርፌ ክሊፕ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። ግን እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ለሱሉልታ ያስተካከላችሁትን ቱ ስትሮክ ይዛችሁ ወደ መተሃራ ቆላ ብትወርዱ ቤንዚኑ ያንሰዋል። ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል። ፎር ስትሮክ ዘይቱ ሆዱ ውስጥ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ስህተት ይበልጥ ይታገሣል።

ቁልቁለትም አለ። ከሱባ ጫካ ወደ ሰበታ የሚወርደውን የጠጠር መንገድ የሚያውቅ ይረዳኛል። ፎር ስትሮክ በማርሽ ይያዛል፤ ፍሬናችሁ ያርፋል። ቱ ስትሮክ ግን ብዙም አይያዝም። ዘይት ከቤንዚን ጋር እየቀላቀላችሁ የምትነዱ ከሆነ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ነዳጅ ዘግታችሁ ረጅም ስትወርዱ ዘይቱም አብሮ ይቀራል። ሞተሩ በደረቁ ይዞራል ማለት ነው። የድሮ ነጂዎች ቁልቁለት ላይ በየመሃሉ ፍሪሲዮን ይዘው ነዳጅ ቸብ የሚያደርጉት ለዚህ ነበር።

ወጪውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ደህና የተያዘ 125 ፎር ስትሮክ በአንድ ሊትር 40 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ቱ ስትሮኩ ከ25 እስከ 30 ቢሄድ ነው። በቀን 60 ኪሎ ሜትር የሚሠራ ሰው በአንዱ ሊትር ተኩል፣ በሌላው ሁለት ሊትርና ከዚያም በላይ ይጨርሳል። ቤንዚን በሰልፍ በሚገኝበት ዘመን ይህ ቀላል አይደለም። በላዩ ላይ ዘይት አለ። በአንድ ለ25 ለሚቀላቀል አሮጌ ሞተር ለአምስት ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል። የራሱ የዘይት ፓምፕ ያለው ያማሃ ከመቀላቀል ይገላግላል፤ የዘይት ጋኑን ማየት ግን የእናንተ ሥራ ነው። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ለሁለቱም አልመክርም። ላምባ የተቀላቀለበት ከሆነ ሞተሩ እንዲያንኳኳ ያደርገዋል፤ ቱ ስትሮኩን ደግሞ ፈጥኖ ይጎዳል።

ዲቲ ቦክሰርንና አፓቺን ያለ ጥርጥር የምታሸንፍበት አንድ ቦታ አለ። መረሬ፣ ጥቁሩ የሚጣበቅ አፈር ነው። ክረምት ላይ ከተፍኪ አልፋችሁ ወደ በቾ ሜዳ ከገባችሁ አፈሩ ጎማው ላይ ይጠቀለላል። ከጎማው ጋር የተጠጋ ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ያለው የመንገድ ሞተር ጭቃው ይሞላበትና ቸርኬው መዞር ያቆማል። ወርዶ በእንጨት መፈልፈል ነው። ዲቲ ፓራፋንጎዋ ከፍ ያለ ነው፣ ክብደቷም ቀላል ነው። ብትወድቅ አንድ ሰው ያነሳታል። ክረምቱን ሙሉ ከአስፋልት ርቆ ለሚሠራ የጤና ወይም የግብርና ሠራተኛ፣ ደህና ዲቲ ካገኘ አትግዛ ለማለት አልደፍርም። ባለ ፎር ስትሮኩ ሆንዳ ኤክስኤል 125 በደህና ይዞታ ከተገኘ ግን እሱን አስቀድማለሁ። እሱም ለጭቃ የተሠራ ነው፣ ቤንዚኑም ያንሳል።

ስትገዙ ጭሱን ለየብቻ አንብቡ። ፎር ስትሮክ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ፋሻው ወይም የቫልቭ ጎማው አልቋል፤ ዋጋ ቀንሱ ወይም ተዉት። ቱ ስትሮክ ሲነሳ ትንሽ ማጨሱ ጤና ነው። ከሞቀ በኋላም ወፍራም ነጭ ጭስ ካላቋረጠና የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ዘይት እየጎደለ ከሆነ ግን በዋናው ዘንግ በኩል ያለው ኦይል ሲል (ዘይት የሚያግደው ጎማ) አልቋል። ዘንጉን ራሱንም ፈትሹ። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ከማግኔቱ በኩል ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ከተንቀሳቀሰ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ አልቋል፤ ያንን ለመቀየር ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መፈታት አለበት። ፎር ስትሮክ ላይ ደግሞ የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ በጣታችሁ እሹት። የብረት ብናኝ ካብለጨለጨ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።

ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። አሮጌ ቱ ስትሮኮች ሞተራቸው ተቀያይሮ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ለሻጩ ደውሉና ሞተሩን እንዳያስነሳው ንገሩት፤ ችግሩ የሚታየው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። ደርሳችሁ እጃችሁን ወደ ማርሚታው ስታስጠጉ ሞቆ ካገኛችሁት፣ ነገ ጠዋት ሳይነሳ ልየው ብላችሁ ተመለሱ።