የፖኬሞን «151» ካርዶች በጃፓንኛና በእንግሊዝኛ፦ ከአዳማ ሆኖ ለሚገዛ ሰብሳቢ የቀረበ ግምገማ

በአዳማ የፖኬሞን፣ ማለትም ከጃፓን የመጣውን የምናባዊ ፍጥረታት ጨዋታ ካርድ የምንሰበስብ ሰዎች ቁጥራችን ብዙ አይደለም፤ ይሁን እንጂ በተገናኘን ቁጥር የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ያው አንድ ካርድ በጃፓንኛና በእንግሊዝኛ ሲታተም ዋጋው ለምን ይህን ያህል ይራራቃል፣ ገንዘባችንንስ በየትኛው ላይ ብናውል ይሻላል የሚል ነው። ጥያቄውን በጥቅሉ ከማየት ይልቅ በሁለቱም ቋንቋ ገዝቼ፣ ከፍቼና ጎን ለጎን አስቀምጬ የመረመርኩትን አንድ ስብስብ መገምገም የሚጠቅም መስሎ ታይቶኛል። ይህም «151» በመባል የሚታወቀው ስብስብ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 16 ቀን 2023 በጃፓን፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 22 ደግሞ በእንግሊዝኛ ለገበያ ቀርቧል። ስያሜውን ያገኘው በ1996 ጃፓን ውስጥ በወጣው የመጀመሪያው የፖኬሞን ጨዋታ ከነበሩት 151 ፍጥረታት ሲሆን፣ በሁለቱም ቋንቋዎች መደበኛው የካርድ ቁጥር 165 ነው። ከዚያ በላይ የሚቆጠሩት ብርቅ ካርዶች ግን በጃፓንኛው እስከ 210፣ በእንግሊዝኛው እስከ 207 ይደርሳሉ።

ከዋጋው ልጀምር። የጃፓንኛው ሳጥን ሳይከፈቱ ውስጣቸው የማይታወቅ 20 ፓኬቶችን የያዘ ሲሆን በየፓኬቱ 7 ካርዶች አሉ፤ ስብስቡ ሲወጣ አንዱ ፓኬት በመደብር 290 የን ይሸጥ ስለነበር ሙሉው ሳጥን 5,800 የን ይሆን ነበር። የእንግሊዝኛው «151» ግን እንደ ተለመዱት የእንግሊዝኛ ስብስቦች 36 ፓኬት በያዘ ሳጥን አልቀረበም፤ የቀረበው 6፣ 9፣ 16 ወይም ሌላ ቁጥር ያለው ፓኬት በያዙ ልዩ ልዩ ካርቶኖች ነው። ባለ 6 ፓኬቱ ካርቶን የተተመነለት ዋጋ 26.94 ዶላር ሲሆን በየፓኬቱ 10 ካርዶችና በጨዋታው ለፍጥረታቱ ኃይል የሚሰጥ አንድ የኢነርጂ ካርድ ይገኛሉ። አንድ ዶላር በ140 የን አካባቢ ይመነዘር በነበረበት በዚያ ወቅት ሒሳቡ ሲሠራ፣ የጃፓንኛው አንድ ካርድ ወደ 30 የአሜሪካ ሳንቲም፣ የእንግሊዝኛው ደግሞ ወደ 45 ሳንቲም ያወጣል። በ2024 ክረምት የን ተዳክሞ አንድ ዶላር ከ160 የን በላይ በተመነዘረበት ጊዜ ልዩነቱ ይበልጥ ሰፍቷል።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ሸማቹ ካርዱን በመደብር ዋጋ ማግኘት ከቻለ ብቻ ነው። ጃፓን ውስጥ «151» በወጣበት ሰሞን መደብሮች የሚሸጡለትን ሰው በዕጣ እስከ መለየት ደርሰው ነበር፤ ሳጥኑም ከእጅ ወደ እጅ በሚደረግ ዳግም ሽያጭ ከተተመነለት ዋጋ እጅግ ከፍ ብሎ ይሸጥ ነበር። ተደጋግሞ ሲታተም ዋጋው ረገብ አለ፣ ቆይቶም እንደገና መውጣት ጀመረ። የእንግሊዝኛው ጉዞ ከዚህ ይለያል፤ ከወጣ በኋላ ለረጅም ጊዜ እንደልብ ይገኝ የነበረ ሲሆን ዋጋው የተተኮሰው ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት ኦክቶበር 30 ቀን 2024 የተጀመረው «ፖኬሞን ቲሲጂ ፖኬት» የተባለው የስልክ ጨዋታ ይመስለኛል፤ የመጀመሪያው የጨዋታው ስብስብም በእነዚሁ ቀደምት ፍጥረታት ላይ ያተኮረ ስለነበር፣ ካርዱን በስልክ የለመደ ሰው በእጁ ሊይዘው የሚፈልገው መጀመሪያ «151»ን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «የካርድ ዋጋ ወጣ» ወይም «ወረደ» ሲል የየትኛውን ቋንቋ እትም ማለቱ እንደሆነ ሳይጠይቁ መግዛት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሁለቱ ገበያዎች አንድ ዓይነት ሥዕል ይሽጡ እንጂ በአንድ ጊዜ አይወጡም፣ በአንድ ጊዜም አይወርዱም።

የገዢዎች ፍላጎት ልዩነት በግልጽ የሚታየው በብርቅ ካርዶቹ ላይ ነው። በእንግሊዝኛው እትም ሁሉም የሚሻው በ199 ቁጥር የወጣውን፣ እሳት የሚተፋ ዘንዶ መሰል ፍጥረት የሆነውን የቻሪዛርድን ካርድ ሲሆን፣ ስብስቡ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በዋጋ ቀዳሚነቱን ይዞ ቆይቷል። በጃፓን ግን ስብስቡ በወጣበት ሰሞን ከቻሪዛርዱ በልጦ የተሸጠው የኤሪካ ካርድ ነበር፤ ኤሪካ በጨዋታው ውስጥ የሣር ዓይነት ፍጥረታትን የምታሰለጥን ገጸ ባሕርይ ስትሆን፣ የጃፓን ሰብሳቢዎች ለሴት አሰልጣኞች ካርድ የሚሰጡት ግምት ከምዕራቡ ሰብሳቢ እጅግ የላቀ ነው። ሥዕሉ ያው፣ ወረቀቱም በመጠኑ ያው ሆኖ ሳለ የአንዱ አገር ሰብሳቢ የሚሳሳለትን የሌላው አገር ሰብሳቢ በቀላሉ ያልፈዋል። ይህ ለእኛ መልካም አጋጣሚ ነው፤ ቻሪዛርድን የሚወድ ሰው በጃፓንኛ፣ ኤሪካን የሚወድ ሰው በእንግሊዝኛ ቢፈልግ በአነስተኛ ዋጋ የማግኘት ዕድል አለው። በተጨማሪም ጃፓንኛው እትም በካርዱ ላይ የማስተር ቦል (በጨዋታው ፍጥረታትን ለመያዝ የሚወረወር ኳስ) ምስል በብርሃን ነጸብራቅ የሚታይባቸው ልዩ ቅጂዎች አሉት፤ ሰብሳቢዎች እንደሚሉት ከአንድ ሳጥን በአብዛኛው አንድ ብቻ ይወጣል። እነዚህ በእንግሊዝኛው ውስጥ ጨርሶ ስለሌሉ ፒካቹና ጄንጋር የተባሉት ፍጥረታት ቅጂዎች በውድ ይሸጣሉ፤ በዓይን ለማየትም በእውነት ደስ የሚያሰኙ ናቸው።

በኅትመት ጥራት ረገድ የእኔ ፍርድ ወደ ጃፓንኛው ያጋድላል። የጃፓንኛው ካርድ ጠርዙ እኩል የተቆረጠ፣ ገጹ ለስላሳ፣ ሥዕሉም ከአራቱም ጎን መሃሉን የጠበቀ ነው። ከእንግሊዝኛው ፓኬት የወጡት ላይ ግን ከፓኬቱ ገና ሲወጡ በጀርባቸው ጠርዝ ነጫጭ ነጥቦች የታዩባቸው፣ የአንዱ ጎን ክፈፍ ከሌላው ሰፍቶ የተቆረጡ ካርዶች አጋጥመውኛል፤ ጀርባው ጠቆር ያለ ሰማያዊ በመሆኑ ደግሞ ጥቂቱ ጉድለት እንኳ ጎልቶ ይታያል። ይህ ልዩነት ዋጋ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ አንዳንዶች ከሚገምቱት የተለየ ነው። ከ1991 ጀምሮ የሚሠራው ፒኤስኤ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ካርዶችን እየመረመረ ከ1 እስከ 10 ደረጃ ይሰጣል፤ ጃፓንኛ ካርድ ጥራቱ የተሻለ ስለሆነ 10 የሚያገኘው በቀላሉ ነው፣ በቀላሉ ስለሚያገኝም ባለ 10 የሆኑት ይበዛሉ፣ ሲበዙም ደረጃው የሚጨምርላቸው ዋጋ ከእንግሊዝኛው ያነሰ ይሆናል። ከአዳማ ወደ አሜሪካ ልኮ ደረጃ ማስወጣት ለአብዛኛው ካርድ ከካርዱ ዋጋ በላይ ወጪ ስለሚጠይቅ፣ እኛ ልንመካ የሚገባን በእጃችን ባለው ካርድ ትክክለኛ ይዞታ ላይ ነው፤ በዚህም ጃፓንኛው ይበልጣል።

የቆየው ታሪክም ቢሆን ቋንቋ ብቻውን ዋጋን እንደማይወስን ያስረዳል። የጃፓንኛው የመጀመሪያ ስብስብ በኦክቶበር 1996 ሲወጣ የእንግሊዝኛው በጃንዋሪ 1999 ተከተለ፤ ቀዳሚው ጃፓንኛው ሆኖ ሳለ በማርች 2022 በ420,000 ዶላር የተሸጠው በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ እትም የታተመ፣ የ10 ደረጃ ያለው ቻሪዛርድ ነበር። በሌላ በኩል በ1997 እና በ1998 በጃፓን ለሥዕል ውድድር አሸናፊዎች የተሰጠውና በእንግሊዝኛ ያልታተመው የፒካቹ ካርድ 5.275 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። በሌላው የካርድ ጨዋታ፣ በማጂክ፣ የ1994ቱ «ሌጀንድስ» ስብስብ በቀጣዩ ዓመት በጣልያንኛ ሲታተም በብዛት ስለወጣ እስከ ዛሬ ከእንግሊዝኛው እጅግ ርካሽ ነው። ወሳኞቹ የታተመው ብዛትና የሚፈልገው ሰው ቁጥር ናቸው። የፖኬሞን ካምፓኒ እስከ ማርች 2025 ድረስ በሁሉም ቋንቋዎች 75 ቢሊዮን ያህል ካርዶች መታተማቸውን ያስታወቀ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 11.9 ቢሊዮኑ የታተመው «151» በገበያ ላይ በነበረበት፣ ማርች 2024 ባበቃው አንድ የበጀት ዓመት ነው። ይህን ያህል ካርድ እየታተመ ተራውን ካርድ ለነገ ሀብት ብሎ ማከማቸት አያዋጣም።

ወደ እኛው ገበያ ስመጣ፣ አዳማ ውስጥ እነዚህን ካርዶች በሕጋዊ አስመጪ በኩል የሚሸጥ መደብር አላገኘሁም። የሚመጡት በዘመድና በወዳጅ ሻንጣ ነው፤ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጣው እንግሊዝኛው ሲሆን፣ ጃፓንኛው አብዛኛውን ጊዜ በዱባይ በኩል ወይም ለትምህርት ከሄዱ ወጣቶች እጅ ይደርሰናል። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ አዳማ በፈጣን መንገዱ ያለው ጉዞ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ከባዱ ምንዛሬው ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ስለነበር ባለ 6 ፓኬቱ የእንግሊዝኛ ካርቶን በተተመነለት ዋጋ ሲሰላ ወደ 1,535 ብር ይመጣ ነበር፤ ዶላሩ 120 ብር ሲገባ ያው ካርቶን ከ3,200 ብር በላይ ሆነ። በዚህ ምክንያት በውጭ ገበያ ዋጋው የወረደ ካርድ እንኳ በብር ሲታይ የወጣ ሊመስል ይችላል። ካርዱን አተርፋለሁ ብሎ የሚገዛ ሰው ትርፉ ከካርዱ የመጣ መሆኑን ወይም የብር መዳከም ያሳየው ቁጥር መሆኑን ለይቶ እንዲያይ አጥብቄ እመክራለሁ።

መልሶ ለመሸጥ እንግሊዝኛው የተሻለ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። አዲስ አበባ ያሉ ገዢዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት እንግሊዝኛውን ነው፤ የዋጋ ማነጻጸሪያ ድረ ገጾችም ላይ የእንግሊዝኛው የሽያጭ መዝገብ የተሟላ በመሆኑ ሻጭና ገዢ በቶሎ ይስማማሉ። መቀመጫው በርሊን የሆነው የካርድ መገበያያ ድረ ገጽ ካርድማርኬት ካርዶችን በቋንቋ ለይቶ ለማየት ስለሚያስችል የአውሮፓን ዋጋ ለመከታተል እጅግ ይጠቅማል፤ ቋንቋውን ሳይመርጡ የሚያዩት ዝቅተኛ ዋጋ ግን የሌላ እትም ሊሆን ስለሚችል ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለመጫወት ለሚፈልግም ምርጫው ግልጽ ነው፤ በካርዱ ላይ የተጻፈውን ሕግ በእንግሊዝኛ ማንበብ ለተማሪዎቻችን አይከብድም፣ የጃፓንኛውን ግን በየተራው በስልክ እያስተረጎሙ መጫወት ጨዋታውን ይገድለዋል።

ሐሰተኛ ካርድን በተመለከተ ጠንከር ያለ ቃል መናገር ያስፈልጋል። በከተማችን የጽሕፈት መሣሪያና የአሻንጉሊት ሱቆች ውስጥ በጥቂት ብር የሚሸጡት «ፖኬሞን» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ፓኬቶች በሙሉ ማለት ይቻላል አስመስለው የተሠሩ ናቸው፤ ልጅ ቢጫወትባቸው ጉዳት የለውም፣ እንደ እውነተኛ ካርድ መሸጥ ግን ማታለል ነው። የፊደሉ ቅርጽ የተዛባ፣ የጀርባው ሰማያዊ የፈዘዘ፣ ወረቀቱም ወደ ብርሃን ሲያዩበት ከልክ በላይ የሚያሳልፍ ከሆነ መተው ይሻላል። በአንጻሩ የጃፓንኛው ካርድ ጀርባ ከእንግሊዝኛው ፈጽሞ የተለየ ሥዕል ስላለው ብቻ «ሐሰተኛ ነው» ተብሎ ሲጣል አይቻለሁ፤ ይህ ልዩነት በአምራቹ የታወቀ ስለሆነ ማንም ሊሰጋበት አይገባም። የሁለቱን ቋንቋ ካርዶች በአንድ የጨዋታ ጥቅል የሚቀላቅል ሰው ግን ጀርባቸው እንዳይለይ በማያሳይ ልባስ መሸፈን ይኖርበታል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የአዳማ አየር ለካርድ ቀላል አይደለም። አብረቅራቂ ካርድ ከወረቀትና ከስስ ነጸብራቅ ሽፋን የተሠራ በመሆኑ፣ እርጥበት ካለበት አገር መጥቶ በደረቁ ሙቀታችን ውስጥ ሲቆይ ወረቀቱ ይኮማተርና ካርዱ ይቆለመማል። ይህ በእንግሊዝኛዎቹ ላይ ይበልጥ ጎልቶ ታይቶኛል፤ ጃፓንኛዎቹም ቢሆኑ ሙሉ በሙሉ አላመለጡም። ካርዱ እንደደረሰ በልባስ ከትቶ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥርና ከመስኮት ርቆ፣ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ማኖር ከአቧራውም ከሙቀቱም ይጠብቀዋል።

ለራሱ ደስታ የሚሰበስብ ሰው ጃፓንኛውን ሳጥን ይግዛ እላለሁ፤ በኅትመቱ ጥራትም ሆነ በማስተር ቦል ቅጂዎቹ የሚከፍለው ገንዘብ ዋጋ አለው። ለመጫወት ወይም ወደፊት ለመሸጥ ለሚያስብ ያልተከፈተ የእንግሊዝኛ ካርቶን ይሻለዋል፤ ዛሬ ግን ሻጮች የሚጠይቁት ከ26.94 ዶላሩ በብዙ እጥፍ ስለራቀ በዚህ ዋጋ ካርቶን ገዝቶ ከመክፈት የሚፈልጉትን ካርድ ነጥሎ መግዛት ይረክሳል። ኮርያኛውና ኢንዶኔዥኛው እትም ከሁሉም ርካሽ ሆነው ይገኛሉ፤ ሥዕሉን ብቻ ለሚወድ ጥሩ ናቸው፣ አዳማ ውስጥ መልሶ የሚገዛቸው ሰው ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው።